በምስማር የተሳለ ሂና

ሰሞኑን ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን በላስቲክ ጠቅልላ ጭኗ ላይ እንደ ታመመ ሕፃን አስተኝታቸዋለች። ሂናው ገና አልደረቀም። ረዳቱ "ሂሳብ" ሲላት እጆቿን አንስታ አሳየችውና ወደ እኔ ዞረች። "እህቴ፣ ቦርሳዬን ክፈቺልኝ" አለችኝ። ከፈትኩላት። የሚኒባሱ መስኮት አይከፈትም፤ ያ የእርጥብ ሣር የሚመስል ሽታ፣ ትንሽ ሎሚ፣ ትንሽም ናፍጣ የተቀላቀለበት፣ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላው ሰው ሂና ሲሸተው ሰርግ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ የሚለኝ አዲጋላ ነው። አዲጋላና ኤዶ ሮዳ።

ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው። ሮዳ ግን ዘመዴ አልነበረችም፤ የቤት አከራያችን ነበረች። እናቴ ነርስ ናት። ከናዝሬት ወደ አዲጋላ ጤና ጣቢያ ስትዛወር እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። "ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትከፍቺ ዓመቱ ያልቃል" ብላ ነው ያባበለችኝ። ዓይኔን ስከፍት የገባብኝ አቧራ ነው። አሮጌው የባቡር ሐዲድ፣ ግራሩ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ... ውይ፣ እንዴት አልቅሼ ነበር!

ሮዳን ያገኘናት ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሳ ነው። ረጅም ሴት ናት፤ ስትራመድ ድምፅ የላትም። በአንዱ ክፍል እሷ፣ በሌላው ሂባቅ የምትባል የወንድሟ ልጅ፣ በሦስተኛው እኔና እናቴ እንኖራለን። ሮዳ ከግቢው በር አትወጣም። ገበያ ሂባቅ ትሄዳለች፣ ውሃ ሂባቅ ታስሞላለች። ማታ ማታ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ይመጣና በሩ ሥር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የኔ ጭንቅላት ያኔ የሚያውቀው ፊልም ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላኝ ፈረድኩ፦ ሴትዮዋ እስረኛ ናት፣ ነጩም የእስረኛ ልብስ ነው። ልተኛ ስል በራችንን መቀርቀር ጀመርኩ። እናቴ በሙቀት ተቃጥላ "አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ?" ትለኛለች።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። "ኤዶ ሮዳ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?"

"እኔ?"

"አዎ። ፖሊስ የሚጠብቅሽ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ግድግዳውን ይዛ፣ ሆዷን ይዛ። "አቦ! እሱ እኮ ወንድሜ ነው! የሂባቅ አባት! እራት ሊያመጣልኝ ነው የሚመጣው፣ ወላሂ!" አማርኛዋ የድሬዳዋ ነው፤ በወጣትነቷ እዚያ ጨርቅ ስትነግድ ነው የለመደችው። ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን በነጩ ሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ባሌ ሞቶብኝ ነው ልጄ። ዒዳ ላይ ነኝ። አራት ወር ከአሥር ቀን ያለ ችግር ከቤት አልወጣም። ኩል የለም፣ ሽቶ የለም፣ ወርቅ የለም።" እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። "ሂናም የለም።"

የመጨረሻዋ ቃል ለምን እንደከበደቻት የነገረችኝ ሂባቅ ናት። ከአይሻ እስከ ድሬዳዋ ባለው መንገድ ላይ ሙሽራ ስትዳር የሚፈለገው የሮዳ እጅ ነው አሉ። መኪና ልከው ነው የሚወስዷት። ሂና ከሌለ ሮዳ ሥራ የላትም፤ ሥራው ቢቀር እንኳ እጇ አርፎ አይቀመጥም። እውነትም አልተቀመጠም። ያን የበጋ ወራት እጇ ሲሠራ ያየሁትን ለሰው ስናገር ብዙዎቹ "ጨመርሽበት" ይሉኛል። አልጨመርኩም።

መጀመሪያ ያየሁት የውሃውን ነው። ግቢያችን መሐል ሲሚንቶ የተለሰነ ቦታ አለ፤ ቀን በባዶ እግር አይረገጥም። ሮዳ ለሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ስትጨርስ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጥቂት ውሃ ይቀራል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ያቺን ውሃ ሲሚንቶው ላይ እያንጠባጠበች ደረስኩ። አጎንብሳ፣ ክንዷን ሳታነቃንቅ፣ ከእጅ አንጓዋ ብቻ። ትልቅ አበባ ወጣ፤ ቅጠሉ ተጥመልምሎ እኔ እግር ድረስ መጣ።

"ኤዶ፣ አሁን ይደርቃል እኮ!" አልኳት።

"ሀዬ፣ እሱን ነው የምፈልገው። ዝም ብለሽ እዪ።"

ከዳር መድረቅ ጀመረ። ለካ ዳሩን አሳስታ፣ መሐሉን አወፍራ ነው ያፈሰሰችው። የላይኛው ቅጠል ጠፋ፣ ቀጥሎ ያለው ጠፋ፣ አበባው ዓይኔ እያየ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ እንቡጥ ሆነ። እንቡጡም ነጥብ ሆነ። ነጥቧም ሄደች። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ሮዳ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ገባች።

የፍየሎቹ ይባስ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ፍየሎች ከግጦሽ ሲመለሱ በግቢያችን በኩል ያልፋሉ። ሮዳ "ሮቶው ላይ ውጪ" አለችኝ። የውሃ ታንከራችን ሮቶ ከፍ ባለ የብረት ማማ ላይ ነው ያለው፤ መሰላሉን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበርና ከታች ምን እንደምታደርግ አላየሁም። ዞሬ ሳይ ፍየሎቹ ገቡ፤ ተጋፉ፣ ተሯሯጡ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው በመስመር ቆሙ። አንዱ መስመር ዞሮ ከሌላው ገጠመ። ጥቁሩም ነጩም ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ፣ ጭራውን ወደ ውጭ አድርጎ። ከላይ ሲታይ አበባ! ሕይወት ያለው፣ ጭራውን የሚያወዛውዝ አበባ!

"ምን መሰለ?" ጮኸች ሮዳ ከታች። ነጩን ልብስ ለብሳ ማማ ላይ መውጣት አትችልም፤ የሠራችውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

"አበባ! ኤዶ፣ አበባ ሆኑ! አንዱ ቅጠል ግን እየሸና ነው!"

እኔ እንግዲህ ፍየል የሚታዘዝላት ሴት አገኘሁ ብዬ አመንኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አጠገብ ያገኘኋቸውን ፍየሎች እጄን አጨብጭቤ "ተሰለፉ!" ብላቸው አንዱ አውራ በቀንዱ አባረረኝ። እያለከለክሁ ቤት ስገባ ሂባቅ ናት ያሳየችኝ፤ ሮዳ መሬቱ ላይ ፉርሽካ በጨው ለውሳ በመስመር መስመር በትናላቸው ነው። ታዲያ ነገሩን ማወቄ መደነቄን አልቀነሰልኝም። ፉርሽካውን ሁሉም ሰው ቤት አለ። ፍየልን ቀለም አድርጎ ያሰበ ግን ማን ነው?

እንዲህ እያልን ሳለ የሂባቅ ሰርግ ነገር መጣ። የሂባቅ እናት እሷን ወልዳ ነው የሞተችው። አባቷ ሌላ አገባ፤ ሕፃኗን ሮዳ ወሰደች። ሮዳ የራሷ ልጅ የላትም። ሂባቅ ትንሽ ሆና ሌሎች ሙሽሮች እጅ ላይ ሲሳል እያየች ስታለቅስ፣ ሮዳ "አንቺን የዳርኩ ቀን ከኔ እጅ በቀር የማንም እጅ እጅሽን አይነካም" እያለች ነው ያባበለቻት። ይሄን የማያውቅ የአዲጋላ ሰው አልነበረም። ሙሽራው ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፤ ፈቃዱ አጭር ነው፣ ቀኑን መግፋት አይቻልም። የሮዳ ዒዳ ደግሞ ገና ከወር በላይ ይቀረዋል።

የሙሽራው እናት ሐጃ ፋዱማ ከአይሻ መጣች። ወፍራም፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ወርቅ፣ ንግግሯ ቀስ ያለ። ሻሂ ቀረበላት፤ አንድ ሁለቴ ፉት አለችና አስቀመጠችው። እናቴ ከጤና ጣቢያ ገብታ አብራቸው ስለተቀመጠች ነው መሰለኝ በአማርኛ የተናገረችው።

"ሮዳ፣ እህቴ፣ ያንቺን እጅ የማያከብር የለም። የኔንም ሴት ልጅ የዳርሽልኝ አንቺ ነሽ። ግን ነጭ የለበሰች ሴት ሙሽራ እጅ ላይ ሂና ስታደርግ አላየሁም። እኔ ክፉ አልመኝም። ነገ ልጅ ቢታመም፣ ከብት ቢሞት፣ ሰው ምን ይላል?"

"አውቃለሁ" አለች ሮዳ።

"ጓንት አለ!" አለች እናቴ። "ሣጥን ሙሉ ጓንት አለኝ! በጓንት ብትሠራ ሂናው አይነካት..."

ሮዳ የእናቴን ጉልበት መታ መታ አደረገች። "የኔ እህት፣ ሰው የሚያየው ጓንቱን አይደለም። ደግሞስ ባሌ መልካም ሰው ነበር። የሱን ወር በጓንት አላልፈውም።"

"እንግዲያው" አለች ሂባቅ ከበሩ ላይ፣ "ባዶ እጄን ነው የምዳረው።"

ሙሽራ በባዶ እጅ! ሐጃ ፋዱማን መልሳ ያነሳችው ሻሂ ትን አላት። ሂባቅ ግን የቀለደች አልነበረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ግቢ ጭር አለ። ሮዳ ውሃም አልሳለችም፣ ፍየሎቹም ሲያልፉ ቀና ብላ አላየቻቸውም። እኔ ትልልቅ ሰዎች ሁለቱም እውነት ይዘው እንዲህ ሊጣበቁ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

ማድ ቤታችን የተሠራው ከተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ ነው። አሮጌ ቆርቆሮ ስለሆነ የድሮ ምስማር ቀዳዳ ሞልቶታል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ እዚያ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ ሮዳ ሩዝ ትለቅማለች። በቀዳዳዎቹ የገባው ፀሐይ ክንዴ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ አረፈ። የቤት ሥራው ሰልችቶኛል። ስክሪብቶዬን አነሳሁና ከነጥብ ወደ ነጥብ እያገናኘሁ ክንዴ ላይ መሳል ጀመርኩ። አንድ ጠማማ ዓሣ የሚመስል ነገር ወጣልኝ።

ቀና ስል ሮዳ ሩዙን ትታለች። ዓይኗ ክንዴ ላይ ነው።

"ቲጂ" አለችኝ፣ ድምፅዋ ሌላ ሆኖ፣ "ማን ነው የሳለው?"

"እኔ ነኛ።"

"አይደለሽም። አንቺ ተከትለሽ ነው። የሳለው ቀዳዳው ነው።" ብድግ አለች። "ምስማር ፈልጊልኝ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ሮዳ አንድ የዘይት ቆርቆሮ አስዘርግታ፣ የሂባቅን እጅ እላዩ ላይ በከሰል አስነድፋ፣ በምስማርና በድንጋይ ትበሳው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ጎረቤት ሁሉ ጣራ የምትጠግን ነው የመሰለው። ትበሳለች፣ ወደ ፀሐይ ታነሳለች፣ መሬቱ ላይ የሚወድቀውን ብርሃን ታያለች፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ትጥለዋለች። ሌላ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ከእጅ ሲርቅ ነጥቡ ይደበዝዛል፤ ሲቀርብ ይጠራል ግን እጅ አያስገባም። ቀዳዳው ሲሰፋ መስመሩ ይወፍራል። ይሄን ሁሉ እየጠፋባት፣ እየተቆጣች፣ በሶማልኛ እየተሳደበች ነው ያገኘችው። ለግራው እጅ ሌላ ልትበሳ ነው ብዬ ስጠብቅ ቆርቆሮውን ገለበጠችው። ያው ሥዕል ግራ እጅ ሆነ። ጮክ ብዬ "ኧረ በማርያም!" አልኩ።

መከተሉን ለኔ ሰጠችኝ። እኔ ደነገጥኩ። "የሂባቅ ጓደኞች አሉ አይደል? እነሱ ያውቃሉ!"

"ለዚህ ነው እነሱን የማልፈልገው" አለች ሮዳ። "የሚያውቅ ሰው የራሱን ይጨምራል። አንቺ ምንም አታውቂም፤ ነጥቡን ብቻ ትከተያለሽ።" ስድብ ነው ምስጋና? እስካሁን አልለየሁትም። ብቻ ሁለት ክንዴ፣ ጉልበቴ፣ የእናቴ እግር ሳይቀር በስክሪብቶ እስኪያልቅ ተለማመድኩ። ከዚያ በጭቃ፣ እንደ ቀንድ በተጠቀለለ ላስቲክ እየጨመቅኩ።

ቀኑ ደረሰ። ሐጃ ፋዱማ ሴቶቿን አስከትላ ከአይሻ መጣች። ሂናውን የበጠበጡት እነሱ ናቸው፤ ሮዳ አጠገቡም አልደረሰችም። ሂባቅ ግቢው መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ትራስ ላይ ዘረጋች። ቆርቆሮው በሁለት በኩል በብሎኬት ተደግፎ ከእጇ በላይ ተቀመጠ። ሮዳ ወንበሯን ከክፍሏ ደጃፍ አላወጣችም፤ በእኛና በእሷ መካከል ያ ሁሉ ሲሚንቶ አለ።

"ይቺ ትንሽ ልጅ ናት የምትስለው?" አለች ሐጃ ፋዱማ።

"ኤዶ ናት የምትስለው" አለች ሂባቅ። "ልጅቷ ተከትላ ነው።"

ሐጃ ፋዱማ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ያኔ እናቴ ቆርቆሮውን ትንሽ ገፋ አደረገችውና ፀሐዩ ገባ። በሂባቅ ባዶ መዳፍ ላይ አበባው በሙሉ፣ ሐረጉ፣ በየጣቱ የሚወጣው ቅጠል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በራ። የሐጃ ፋዱማ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። አንዷ ሴትዮ "ሱብሓነላህ" አለች፣ ቀስ ብላ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው፣ ያን ቀን ግን ሰውነቴን ወረረኝ።

ጀመርኩ።  ሂና እንደ ስክሪብቶ አይደለም፤ ከተሳሳቱ ሁለት ሳምንት ነው የሚታየው። ነጥብ፣ መስመር፣ ነጥብ፣ መስመር። ላቤ በአፍንጫዬ ይወርዳል፤ እናቴ ከኋላ ትጠርግልኛለች። አንጓዋ ላይ ስደርስ ላስቲኩ አመለጠኝና አንድ ጠብታ ከመስመሩ ውጭ ዱብ አለ። እጄን ሰበሰብኩ።

"ምን ሆነ?" አለች ሮዳ ከሩቅ።

"ምንም" አለች ሂባቅ፣ ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል። "አንድ ፍየል ከመስመር ወጣች።"

የመሐል ጣቷ ላይ ስደርስ ነጥቦቹ ሸሹ። በእውነት ሸሹ፤ የሳልኩት አንድ ቦታ፣ ብርሃኑ ሌላ ቦታ። ፀሐይ እኔን አትጠብቅም! "ኤዶ፣ ሄደ! ሄደብኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሮዳ ከወንበሯ ተነሳች፣ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ቆመች። እጆቿን ነጩ ልብሷ ውስጥ ደበቀቻቸው።

"እጇን እንዳትነኩ! ቆርቆሮውን ነው! ወደ ምዕራብ፣ በቀስታ፣ የጣት ውፍረት!"

እናቴ እጇን ስትዘረጋ ሌላ እጅ ቀደማት። ሐጃ ፋዱማ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ አምባሮቿን ወደ ክርኗ ሰብስባ፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛለች። "ይበቃል?" አለች ሮዳን፣ ዞራ ሳታይ።

"ትንሽ ጨምሪ።"

"አሁንስ?"

"ልጅቷን ጠይቂያት። ገጠመ ቲጂ?"

ገጠመ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሐጃ ፋዱማ ትገፋለች፣ ሮዳ ከደጃፏ ታዝዛለች፣ እኔ እከተላለሁ። ቀኙ አለቀ፤ ቆርቆሮው ተገለበጠ፤ ግራው አለቀ። ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳ ነበር። ቀና ስል አንገቴ አልዞር አለኝ።

ሂባቅ ተነሳች። ሲሚንቶውን አቋርጣ ሄዳ ከሮዳ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመችና ሁለት መዳፎቿን ወደ እሷ ዘረጋች። ሮዳ አልነካቻትም። አጎንብሳ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ ጠብታዋንም አየች። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

"የኔ እጅ ነው" አለች።

"ሌላ የማን ሊሆን ነው?" አለች ሂባቅ፤ እሷም አለቀሰች፣ ግን ዓይኗን የምትጠርግበት እጅ የላትም። እናቴ ሮጣ ጠረገችላት።

ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩ። ሮዳ ቀስ ብላ ወደ ወንበሯ ልትመለስ ስትል ሐጃ ፋዱማ ቆርቆሮውን ከብሎኬቱ ላይ አነሳችው።

"ሮዳ፣ ነይ ወደዚህ።"

"እኔ? እኔ አይፈቀድልኝም።"

"የተከለከልሽው ሂናውን ነው። ፀሐይዋን ማን ከለከለሽ?"

እልልታው ቆመ። ሮዳ ሁላችንንም በተራ አየችን፤ እኔንም ሳይቀር። ከዚያ ከደጃፏ ጥላ ወጣችና ባዶ እጆቿን ቆርቆሮው ሥር ዘረጋች። የራሷ አበባ፣ የራሷ ሐረግ፣ በየጣቶቿ ላይ በራ። ጣቶቿን ዘርጋ አጠፍ አደረገቻቸው፤ ብርሃኑ አብሯቸው ተጣጠፈ።  ሐጃ ፋዱማ ክንዷ ሲዝል በሌላው እጇ ደገፈችው እንጂ ቆርቆሮውን አላወረደችውም።